ወላጅ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሆስፒታል ሲተኛ፦ ለአስታማሚ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

በአዲስ አበባ ዳርቻ የምንኖር ሰዎች የጭንቅላት ጉዳትን በቅርብ እናውቀዋለን። ሰበታ መንገድ ላይ አባት ሲሻገር ባጃጅ ይገጨዋል። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መብራት በጠፋበት ደረጃ ላይ እናት ትወድቃለች። ቡራዩ ግንባታ ላይ የሚውል ሰው ከመወጣጫው እንጨት ይንሸራተታል። በዚያው ቀን ልጆች አስታማሚ ይሆናሉ። ማስታመምን ግን ማንም አላስተማራቸውም።

ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። እናቴን በዚህ ጉዳት የተነሣ ሆስፒታልም ቤትም አስታምሜያለሁ። ከነርሶች፣ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችና ጎናችን ከነበሩ አስታማሚዎች የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። ሐኪሙ ሲቲ ስካኑን ያነባል። ሰውየው ከመመታቱ በፊት እንዴት ይናገር፣ እንዴት ይሄድ፣ በምን ይቆጣ እንደነበር የሚያውቀው ግን ቤተሰቡ ብቻ ነው። ይህን እውቀት ለሕክምናው እንዲጠቅም አድርጎ ማቅረብ፣ በእኔ እምነት፣ የአስታማሚ ዋናው ሥራ ነው።

1. ድንገተኛ ክፍል፦ ታሪኩን አስተካክሎ መናገር

አምቡላንስ ለመጥራት 907 ቀይ መስቀል፣ 939 ደግሞ እሳትና አደጋ ነው። አምቡላንስ ዘግይቶ በሌላ መኪና መውሰድ ግድ ከሆነ አንገቱ እንዳይታጠፍና እንዳይጠማዘዝ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ይሂድ። አጣጥፎ ባጃጅ ውስጥ ማስገባት አንገት ላይ ሌላ ጉዳት ሊጨምር ይችላል።

ከዳርቻው ከባድ የጭንቅላት ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚላከው ወደ ጥቁር አንበሳ፣ በጳውሎስ ሥር ወዳለው አቤት ወይም ወደ አለርት ነው። አቃቂ አካባቢ ያለ ሰው መጀመሪያ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሊደርስ ይችላል። ከሌላ ቦታ ተልካችሁ ከመጣችሁ የሪፈር ወረቀቱም ፊልሙም ከእጃችሁ አይውጣ።

ሐኪሙ የሚፈልገው ለቅሶ ሳይሆን ሰዓት ነው። ስንት ሰዓት ተመታ? ራሱን ስቶ ነበር? ለምን ያህል ጊዜ? አስታወከ? ተንቀጠቀጠ? ከዚያ በኋላ ተናግሮ ነበር ወይስ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዝም ብሎ ነው? ተናግሮ ቆይቶ ዝም ያለ ሰው እና ከመነሻው ያልተናገረ ሰው ለሐኪሙ አንድ አይደሉም። ስለዚህ አደጋውን ያየ ሰው ካለ አብሮ ይምጣ፣ ካልተቻለም ስልኩን ያዙ።

አንዱ ልጅ ቤት ተመልሶ ወላጁ የሚወስደውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ጠቅልሎ ያምጣ። በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ማለትም ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን፣ የሚወስድ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒትም እንዲሁ። መጠጥ የሚያዘወትር ከሆነም አትደብቁ። የዕለት ጠጪ በድንገት ሲያቆም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሊንቀጠቀጥና ሊቃዥ ይችላል። ይህን ያልተነገረው ሐኪም ምልክቱን ከጭንቅላቱ ጉዳት ጋር ሊያምታታው ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በዕድሜ የገፋ ሰው ከሳምንታት በፊት ቀለል ያለ ምት ቢደርስበት ደሙ ቀስ እያለ ሊጠራቀምና ቆይቶ ሊያደክመው ይችላል። «ያኔ እኮ ምንም አልሆነም» ብላችሁ አትተዉት፣ ተናገሩ።

አደጋው የመኪና ከሆነ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት አስያዙ። ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ገጭቶ ለጠፋ መኪናም ከመድን ፈንድ ካሣ የሚጠየቅበት መንገድ አለ። ለሁለቱም መነሻው ያ ሪፖርት ነው። የጤና መድን ደብተር ካላችሁና መታወቂያችሁ የሸገር ከተማ ከሆነ፣ የገባችሁበት ሆስፒታል ደብተሩን ይቀበል እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። በመውጫ ቀን መጠየቅ ዋጋ ያስከፍላል።

2. የሚነገራችሁን ቁጥር ተረዱት

ሐኪሞች የንቃት መጠንን በግላስጎው መለኪያ ይናገራሉ። ዝቅተኛው 3፣ ከፍተኛው 15 ነው። ዓይን መግለጥ እስከ 4፣ ንግግር እስከ 5፣ እንቅስቃሴ እስከ 6 ይሰጠዋል። ከ13 እስከ 15 ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ይባላል። ቁጥሩን ስትሰሙ ከትናንቱ ጋር አወዳድሩት። 9 ሰምታችሁ አትደንግጡ። ትናንት 7 ከነበረ 9 ጥሩ ወሬ ነው። ትናንት 12 ከነበረ ግን ምክንያቱን ጠይቁ። አንዴ ስትጠይቁ ሦስቱንም ክፍል ለይተው እንዲነግሯችሁ ለምኑ። የመተንፈሻ ቱቦ የገባለት ሰው መናገር ስለማይችል በንግግር ነጥብ ሊሰጠው አይችልም።

3. አንድ ደብተር፣ አንድ ተናጋሪ

ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ከሐኪም ጋር ይነጋገር። አራት ልጅ በየተራ አራት ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ በመማር ላይ ያለ ሐኪም) ሲጠይቅ አራት ዓይነት መልስ ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ይጣላል። ውጭ አገር ያለው ወንድምም መረጃ የሚያገኘው ከዚያው ሰው ይሁን።

ትንሽ ደብተር ግዙ። በየቀኑ ቀኑን ጻፉና አምስት ነገር መዝግቡ፦ ምን ያህል ነቃ፣ ምን ተመገበ፣ ሽንትና ሰገራ፣ ትኩሳት፣ አዲስ ያያችሁት ነገር። አዲሱ ነገር ትንሽ ቢመስልም ጻፉት። «ቀኝ እጇን አንስታ አፍንጫዋን አከከች» የሚል አንድ መስመር ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

ሐኪሞች አልጋ በአልጋ ታማሚ የሚያዩበት ዙር የሚደረገው ብዙ ጊዜ ጠዋት ነው። ከዙሩ በፊት ጥያቄያችሁን አሳጥራችሁ ጻፉ። ደሙ የትኛው በኩል ነው? ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ወይስ እየታየ ይቆያል? ሲቲ ስካኑ መቼ ይደገማል? መዋጥ ይችላል? ፊዚዮቴራፒ መቼ ይጀምራል? ሐኪሙ ቸኩሎ ቢሄድ እንኳ ሁለቱን ጥያቄ ይመልሳል። መድኃኒት ከውጭ ግዙ ስትባሉ የማዘዣውን ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ቀይ መስቀልና ከነማ ፋርማሲዎችን አስቀድማችሁ ሞክሩ።

4. አልጋው ዳር

እነዚህ ሥራዎች ቀላል ይመስላሉ። ጭንቅላቱ እየዳነ ያለ ሰውን ግን በሳንባ ምችና በአልጋ ቁስል ልናጣው እንችላለን። ስለዚህ ቀላል አይደሉም።

ሐኪም ካልከለከለ በቀር የአልጋው ራስጌ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ይበል። አንገቱ ወደ ጎን አይታጠፍ፣ አፍንጫው ከእምብርቱ ጋር ትይዩ ይሁን። በየ2 ሰዓቱ ጎኑን ቀይሩ፣ ሌሊትም ጭምር። ስታዞሩት አትጎትቱት። ከሥሩ ባለው አንሶላ ለሁለት አንስታችሁ አዙሩት። መጎተት ቆዳን ይልጣል። ባዞራችሁ ቁጥር የወገቡን ታች፣ ዳሌውን፣ ተረከዙንና ጆሮውን ተመልከቱ። የቀላ ወይም የጠቆረ ቦታ ስትጫኑት ቀለሙ ካልተለወጠ በዚያ በኩል አታስተኙት፣ ለነርሷም ንገሯት። ከባቱ ሥር ትራስ አድርጉና ተረከዙ አየር ላይ ይንሳፈፍ።

የሽንት ከረጢቱ ሁልጊዜ ከወገቡ ዝቅ ይበል፣ ወለል ግን አይንካ። አፉን በቀን ደጋግማችሁ በንጹሕ ርጥብ ጨርቅ አጽዱ። መጸዳቱ ከመልካም ሽታ አልፎ ሳንባን ይጠብቃል።

በቀዶ ሕክምና የራስ ቅሉ አጥንት ተነሥቶ ከሆነ በየትኛው በኩል እንደሆነ አልጋው ራስጌ ላይ በትልቁ ይጻፍ። በዚያ በኩል አይተኛም፣ አይታሰርም፣ ጠያቂ አይዳብሰውም።

ልብስ መቀየርና ማጠብ ክብርን ይነካል። አባት በሴት ልጁ ፊት መራቆት ያሳፍረዋል፣ እናትም በወንድ ልጇ ፊት። ቢቻል ወንዱ አባቱን፣ ሴቷ እናቷን ትጠብ። ካልተቻለ ነጠላ ሸፍናችሁ ከሥር እጠቡ፣ እያንዳንዱንም ነገር ከመሥራታችሁ በፊት ንገሯቸው። የማይሰሙ ቢመስሉም ንገሯቸው።

5. መመገብ፦ ብዙ ጥንቃቄ የሚፈልገው ሥራ

አስታማሚ በፍቅር ሊጎዳ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። የተራበ ወላጅ ማየት ያንገበግባል። ነገር ግን የመዋጥ ጡንቻው ያልታዘዘለት ሰው ያጎረሳችሁት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ሳይስል፣ ሳይታነቅም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያ መዋጡን አይቶ እስኪፈቅድ ድረስ በአፍ ምንም አይሰጥም። «አንድ ጉንጭ ውኃ ብቻ» የሚባለውም አይሰጥም። እንዲያውም ቶሎ የሚያመልጠው ቀጭኑ ነገር፣ ውኃ ነው።

በአፍንጫ ቱቦ የሚመገብ ከሆነ ነርሷ ፊታችሁ አንዴ ትሥራ፣ ቀጥሎ እናንተ በእሷ ፊት ሥሩ። ከዚያ ወዲያ ብቻችሁን መሥራት ትችላላችሁ። እጅ መታጠብ ይቀድማል። ከወገብ በላይ ቢያንስ 30 ዲግሪ ቀና ይበል። አፍንጫው ላይ ቱቦው የተለጠፈበትን ምልክት እዩ። ምልክቱ ከቦታው ከወጣ ወይም እየሳለ ከሆነ ምንም አትስጡ፣ ነርስ ጥሩ። በሲሪንጅ ትንሽ ንጹሕ ውኃ አሳልፉ። ከዚያ ምግቡን ከፍ አድርጋችሁ በራሱ ክብደት ይውረድ። በኃይል አትግፉት። ሲያልቅ ግማሽ ሲኒ ያህል፣ ወደ 30 ሚሊ ሊትር ውኃ ጨምሩና ቱቦውን እጠቡ። ከመገባችሁ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ቀና እንዳለ ይቆይ።

ቤት የሚዘጋጀው አጥሚት ቱቦ የሚዘጋው ወፍሮ ሲመጣ ነው። ቀጠን አድርጉት፣ በጥሩ ወንፊት ሁለቴ አጥልሉት፣ በፔርሙዝ አምጡት። ውኃና ዱቄት ብቻ የሆነ አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አቅም አይሰጥም። ወተት፣ እንቁላል ወይም ዘይት ምን ያህል እንደሚጨመር የምግብ ባለሙያውን ወይም ነርሷን ጠይቁ። የስኳር ሕመም ካለበት በተለይ። ኪኒን ከመፍጨታችሁ በፊትም ጠይቁ፣ ተፈጭተው የማይሰጡ አሉ።

በአፍ መብላት ሲፈቀድ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ዝቅ ይበል። የሻይ ማንኪያ ተጠቀሙ። አንዴ ከሰጣችሁ በኋላ ጉሮሮው ከፍ ብሎ ሲወርድ ጠብቁ፣ ጉንጩ ውስጥ የቀረ እንዳለም ተመልከቱ። አንድ ጎኑ የሰነፈ ሰው በዚያ በኩል ምግብ ቋጥሮ ሳያውቀው ይቆያል። እርጎ፣ የተፈጨ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ወፈር ያለ አጥሚት፣ ወፍራም ሽሮ ውስጥ በደንብ የራሰ እንጀራ ጥሩ መነሻ ናቸው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ደረቅ ቂጣና በሶ ለጊዜው ይቅሩ። ሲበላ ድምፁ እንደ ውኃ ከተንጎረጎረ፣ ዓይኑ እንባ ከሞላ ወይም ከሳለ አቁሙና ተናገሩ።

ጉርሻም ይቁም። ዘመድ ይመጣል፣ በአንድ እጁ የሚሞላ ጉርሻ ጠቅልሎ «በሞቴ!» ይላል። ታማሚው እምቢ ማለት አይችልም። እናንተ በእሱ ፈንታ እምቢ በሉ። «ሐኪሙ በማንኪያ ብቻ ብሏል» ማለት ይበቃል፣ ማንም አይቀየምም።

ጾም ሲመጣ ወላጆቻችን ወተትና እንቁላል አንበላም ሊሉ ይችላሉ። የታመመ ሰው እንዲጾም ሃይማኖቱ አያስገድድም። የንስሐ አባታቸው ወይም ሼሁ ራሳቸው መጥተው ቢነግሯቸው ከልጅ ምክር ይልቅ ይሰማል።

6. መንቃት ሲጀምር

ፊልም ላይ ሰው ዓይኑን ገልጦ «የት ነው ያለሁት?» ይላል። እውነተኛው መንቃት ቀስ ያለ ነው። ዓይን ይገለጣል ግን አያይም። በኋላ ይከተላል። ከዚያ አንዳንዴ ትእዛዝ ይፈጽማል፣ አንዳንዴ አይፈጽምም። የተጎዳ ሰው እጅ፣ መዳፉ ሲነካ ብቻ፣ ሳያውቀው ሊጨብጥ ይችላል። አንድ ጠዋት ነርሷ እናቴን «ጨብጪኝ» ማለቱን ተወችና «አውራ ጣትሽን አሳዪኝ» አለቻት። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ ጣቶቿ ብርድ ልብሱ ላይ እንዳሉ አውራ ጣቷ ብቻዋን ቀስ ብላ ቀና አለች። ሰምታ፣ ተረድታ፣ ጣቷን አዛ ማለት ነው። እናንተም እንዲህ ያለውን ጠይቁ፦ አውራ ጣት ማሳየት፣ ሁለት ጣት ማንሣት፣ የያዘውን መልቀቅ።

በገባችሁ ቁጥር ራሳችሁን አስተዋውቁ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ። ሆስፒታል ነው ያለሽው። ወድቀሽ ጭንቅላትሽን ተመትተሽ ነበር። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ጠዋት ነው።» በቀን አሥር ጊዜ ቢደገምም አይሰልችባችሁ። አዲስ ትዝታ የሚይዘው ክፍል ገና ሥራ አልጀመረም ይሆናል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፣ ከዚያ ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። መልሱ ሊመጣ ሲል ሁለተኛ ጥያቄ የምንደርብበት ሰው ግራ ይጋባል።

መናገር ያልቻለ ሰው የማይረዳ አይደለም። የግራ አንጎል ጉዳት ብዙ ጊዜ ቃላቱን ይነካል፣ የቀኝ እጅና እግርም አብሮ ይሰንፋል። በአዎና በአይ ተግባቡ፦ አዎ ከሆነ ዓይንሽን ጨፍኚ። የቀኝ አንጎል ጉዳት ያለበት ደግሞ ግራ ጎኑን ሊረሳ ይችላል። የሳህኑን ቀኝ ግማሽ ብቻ በልቶ «ጨረስኩ» ይላል። ሳህኑን አዙሩለት።

አሁን ከባዱን ልናገር። አንዳንድ ወላጅ ሲነቃ የማናውቀው ሰው ሆኖ ይነቃል። ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ አባት ይሳደባል፣ ይማታል፣ ቱቦ ይነቅላል፣ «ቤቴ ውሰዱኝ» እያለ ይጮኻል። ይባስ ብሎ ይረግማል። ለእኛ የወላጅ ርግማን ቀላል ነገር አይደለም። አጠገባችን የነበረች ልጅ አባቷ ከረገማት በኋላ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ውላለች። እሷን ያጽናኗት ነርስ የነገሯትን እኔም እደግመዋለሁ፦ ቁጣንና አንደበትን የሚገታው የግንባር በኩል ያለው አንጎል ነው፣ እሱ ሲጎዳ ልጓሙ ይላላል። የተናገረው ጉዳቱ ነው። አባታችሁ አልረገማችሁም። ሲሻለውም አብዛኛውን አያስታውሰውም፣ እናንተም አታስታውሱት።

ሲቆጣ አትከራከሩ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። መጀመሪያ ምክንያት ፈልጉ። የሽንት ቱቦው ተጣጥፎ ይሆናል። ሆዱ ደርቆ፣ አሞት፣ ተኩሶት፣ ጠምቶት ይሆናል። ክፍሉ ጫጫታ ሆኖበት ይሆናል። ይህን ለነርሷ ንገሯት። በራሳችሁ እጁን በነጠላ አትሰሩ።

7. ጠያቂ፣ ጠበል፣ ወጌሻ

ጠያቂ የማይቀር በረከት ነው። ግን የቆሰለ አንጎል ቶሎ ይደክማል። በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የተቀረው ውጭ ሆኖ ከአስታማሚው ጋር ይጫወት። አስታማሚም እኮ ጠያቂ ያስፈልገዋል። «አወቅሽኝ? ማን ነኝ?» የሚለው ፈተና ይከልከል። ሰው ሁሉ ይህንን ይጠይቃል፣ መልሱ የጠፋበት ወላጅ ደግሞ ያፍራል። ስማቸውን ራሳቸው ይንገሯቸው። «እንትናም እንዲሁ ሆኖ ሞተ» የሚል ወሬም በር ላይ ይቅር።

ጠበልን በተመለከተ የማውቃቸው አባቶች ሁሉ ከመድኃኒት ጋር ማስኬድን አይቃወሙም። ነገር ግን መዋጥ ያልተፈቀደለት ሰው ጠበልም አይጠጣም። ግንባርና እጅ ማርጠብ ይቻላል። የተሰፋ ቁስል እስኪደርቅ አይረጭበት፣ እምነትም አይቀባበት። የሚጥል በሽታ መድኃኒትን ለጠበል ብሎ ማቋረጥ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል።

ወጌሻ አታምጡ። አንገት ማሸት ያስፈራል። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ተኝቶ የቆየ ሰው አንድ እግሩ ካበጠና ከሞቀ ውስጡ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ያንን እግር ማሸት የረጋውን ደም ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። አትንኩት፣ ሐኪም ጥሩ።

8. ቢንቀጠቀጥ

ክብሪት አታሽትቱ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጨርቅም አታስገቡ። አትጫኑት። ወደ ጎኑ አዙሩት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ሰዓት እዩ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው አስቸኳይ ነው። በስልክ ቪዲዮ ማንሣት ለሐኪሙ በጣም ይጠቅማል። ሲያልፍለት ሙሉ በሙሉ እስኪነቃ ምንም አታጠጡት።

9. ከመውጣት በፊት ቤቱን አዘጋጁ

«ነገ ትወጣላችሁ» ሳይባል ጀምሩ። አብዛኛው ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም። አራተኛ ፎቅ ከሆናችሁ ምድር ቤት ያለ ዘመድ ቤት ለጥቂት ወር መቆየት ወይም ከጎረቤት ጋር ቤት መለዋወጥ የማይሆን ነገር አይምሰላችሁ። ዕድሮችና የብሎክ ኮሚቴዎች እንዲህ ያለውን ሲያግዙ አይቻለሁ።

መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ያለ ጉድጓድ ከሆነ ቁጢጥ ማለት አይችልም። ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር መሐሉን በስተው ከሥሩ ባልዲ ያስቀምጡ። ወንበሩ ከግድግዳ ተደግፎ ይሁን። አልጋው ሲቀመጥ እግሩ ወለል በሚነካበት ከፍታ ይስተካከል። ወለሉ ላይ ተጣጥፎ የሚቀር ምንጣፍ ይነሣ። ለቡና የሚጎዘጎዝ ቄጠማም ያንሸራትታልና ለጊዜው ይቅር። ነጠላ ጫማ ተረከዝን ሸፍኖ በሚይዝ ጫማ ይለወጥ። መብራት ስለሚጠፋ የሚሞላ መብራት ራስጌው ይኑር። በተዘጋ ክፍል ከሰል አይቀመጥ።

የመውጫ ወረቀቱን ሳታነቡ አትውጡ። የትኛው መድኃኒት እስከ መቼ? ስፌቱ መቼ ይነሣል? ቀጠሮው የት ነው? ለሕመም ምን ይፈቀዳል? አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ሐኪም ሳያዝ ከፋርማሲ አይገዙ፣ ደም ሊያፈሱ ይችላሉ። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ጨርሶ ይቅሩ። ሞተርም መኪናም ሐኪም እስኪፈቅድ አይነዳም። ፊዚዮቴራፒስቱ የሚያሠራውን እንቅስቃሴ ሳትወጡ በቪዲዮ ቅረጹ። ከዳርቻ በየሁለት ቀኑ መመላለስ የሚችል ቤተሰብ ጥቂት ነው።

10. ቤት ውስጥ ያለው ሥራ

ለውጡ ፈጥኖ የሚታየው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ ይላል፣ ግን አይቆምም። ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ የሚሻሻሉ አሉ።

ለጣቶች ውድ መሣሪያ አይፈለግም። እናቴ ፊት ሰፌድ አስቀምጠን ምስር እንድትለቅም አደረግን። መጀመሪያ በሰነፈው እጇ ሰፌዱን መያዝ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ምስሩን በመዳፏ መግፋት። ቆይታ ጠጠሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ አንስታ ሲኒ ውስጥ ጣል ማድረግ ቻለች። የሲኒዋ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ቤቱ ሁሉ ቀና ብሎ ያያት ነበር። ሥራው የምታውቀው ሥራ ስለነበር ከልምምድ ኳሱ ይልቅ ወደደችው። አባት ከሆነ ሚስማር መለየት፣ ገመድ መቋጠር፣ አትክልት ማጠጣት ይሆናል። ከምግብ በፊት፣ ሳይደክም፣ አጠር ባለ ጊዜ ደጋግሙት። የሚችለውን ነገር አትሥሩለት። ቁልፍ ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ቢፈጅበት ታገሡት።

ቀኑ አንድ ዓይነት መልክ ይኑረው። ተነሥቶ የሚታጠብበት፣ ቁርስ፣ ልምምድ፣ ዕረፍት። ከሰዓት በኋላ መተኛት ስንፍና አይደለም፣ አንጎሉ ያስፈልገዋል።

አስታማሚዎች ተፈራረቁ። ሌሊት ነቅቶ ያደረ ሰው ቀን ደግሞ አስታማሚ ሆኖ አይዋል። ብቸኛ ልጅ ከሆናችሁ ዕድሩን፣ ጎረቤትን፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሰዎችን በግልጽ ጠይቁ። «ምን ላድርግላችሁ?» ሲሏችሁ «ምንም» አትበሉ። «ማክሰኞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት አብረሽው ቁጭ በይልኝ» በሉ።

11. መቼ ነው ወደ ሆስፒታል የሚሮጠው?

ራስ ምታቱ እየባሰ ሲሄድ። ደጋግሞ ሲያስታውክ። ከወትሮው በላይ ሲያንቀላፋ ወይም መቀስቀስ ሲያቅት። አንድ እጅ ወይም እግር አዲስ ሲሰንፍ። ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ሲወርድ፤ ይህን በጥጥ አትድፈኑት። ቁስሉ ሲቀላና መግል ሲይዝ። ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር ሲመጣ። በእነዚህ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል።

አንድ ሌላ ነገር ግን ዝም ብሎ ይመጣል። ከወራት በኋላ ተሽሎት የነበረ ሰው አካሄዱ እንደገና ይበላሻል፣ እግሩን ወለል ላይ ይጎትታል። ሽንት ያመልጠዋል። መርሳቱ ይብሳል። ብዙ ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል። አንጎል ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል፣ ይህ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ሊታከም የሚችል ነው። የድሮውን ሲቲ ስካንና ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተለወጠም ከደብተሩ ላይ አሳዩአቸው።